የጥሩነህን እግር ያጠበው ሰው

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ባርኔጣዬን አንስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። እገሌን ቡዳ በላው፣ እገሊትን ወንዝ ዳር ጋኔን ለከፋት ሲሉኝ፣ «ያልታጠበ ቁስል ነው የበላው፣ ያልፈላ ውሃ ነው የለከፋት» እያልሁ ሰው ሳሸማቅቅ የኖርሁ ነኝ። ደብተራ ክታብ ሲጽፍ ሳይ ይስቀኛል፣ ክታቡን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደውን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። ዛሬም ቢሆን አላምንም። የማላምነው ነገር ደርሶብኝ ነው የምነግርህ፣ እሱ ነው ችግሩ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት እኔ ከአንድ የሚስዮን ሐኪም ስር አራት ዓመት ያህል ሳህን ይዤ፣ ውሃ አፍልቼ፣ ፋሻ አጥቤ፣ የቁስልን ነገር እንደ ዳዊት ደግሜ ተምሬ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወደ አገሩ ሄደ፣ ጣሊያኖቹ ሲገቡ ክሊኒክ ከፈቱና ቁስል አጣቢ አድርገው ቀጠሩኝ። የማንን ቁስል የማጥብ መሰለህ? የባንዳውን። ወገኑን ሲያሳድድ የቆሰለ ሰው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ «ቀስ በል እንጂ፣ አመመኝ» ሲለኝ አዮዲኑን ጨመር አደርግለት ነበር። አለቃችን አንድ ወፍራም ካፖራል ነው፣ የመግል ሽታ ስለማይወድ ሽቶ የነከረው መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ በመስኮት ነበር የሚያዘን፤ ከእሱ ይልቅ በቅሎው ስለ ሕክምና የምታውቅ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አምበር ያሉት አማቴ ታመዋል ብዬ የይለፍ ወረቀት አወጣና፣ ከክሊኒኩ የሰረቅሁትን ፋሻና መድኃኒት በቆርቆሮ ሳጥን ይዤ፣ በየገበሬው ቤት ተደብቀው የተኙትን አርበኞች እየዞርሁ ቁስላቸውን አጥባለሁ። ጀግና ነበርህ እንዳትለኝ። ለአገሬ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው፤ ወጌሻው ቅቤና ቅጠል ሲጠቀጥቅበት የሰነበተ ቁስል ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል፣ ሥራዬ በደንቆሮ እጅ ሲበላሽ ማየት አልችልም፣ ያ ነው እግሬን ያንቀሳቀሰው። ቁስለኞቹንም ቢሆን አልወዳቸውም ነበር። ፍልሰታ ነው ብለው ወተት አልጠጣም ይላሉ፣ ፋሻውን ፈተው ጠበል ያፈሱበታል፣ ከዚያ ሲያመረቅዝ እኔን ያዩኛል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የበርጩማው ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ከመንገድ የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ ቁስለኛ ላይ አይገባም፣ የመንገዱን ፀሐይና ብርድ ይዞ ከገባ ቁስሉ ያመረቅዛል ይላሉ። ስለዚህ ቁስለኛ ባለበት ቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ ይቀመጣል፣ እንግዳው እዚያ ላይ አረፍ ይላል፣ ላቡ ይደርቃል፣ ትንፋሹ ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ግባ የሚባለው። እኔ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። በእግሬ ገፋ አድርጌው እገባለሁ፣ ሴቶቹ ይሳቀቃሉ፣ እኔም መሳቀቃቸውን ሳይ ደስ ይለኛል፤ እንግዲህ የነበርሁትን ሰው ልንገርህ ብዬ ነው እንጂ የሚያኮራ ሆኖ አይደለም።

ጥሩነህ የሚባል ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ገበሬ ነበር፣ ከአምበር ወዲህ ባለች አንዲት ጎጥ። የአውሮፕላን ቦንብ ቅልጥሙን በስቶት እናቱ እማማ አንጓች ቤት ተደብቆ ከተኛ ወር ሊሞላው ነው። ሦስት ቅዳሜ አጠብሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ባሰበት። እግሩ አብጦ ጠቋቆረ፣ ሽታው ከደጅ ይቀበልሃል፣ እኔም በአፌ እየተነፈስሁ ላይ ላዩን ጠርጌ፣ ጠቅልዬ መውጣት ነበር ሥራዬ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ «በሚመጣው መጋዝ ይዤ መጥቼ ከጉልበቱ በታች እቆርጠዋለሁ፣ አለዚያ ሟች ነው» አልኋቸው።

እማማ አንጓች እግሬ ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ በመርጡለ ማርያም ይዤሃለሁ! ከእሱ ሌላ አራሽ የለኝ፣ ከእሱ ሌላ ቀባሪ የለኝ» አሉ።

ጥሩነህ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «በአንድ እግሬ ምን ብዬ ነው ሞፈር የምይዘው?» አለ።

«ከሞትህስ በሁለቱም ምን ታርስባቸዋለህ?» አልሁት፣ ሳቅሁም።

አዎ፣ ሳቅሁ። ሐኪም ማለት እንዲህ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

ቀጣዩ ቅዳሜ ፍልሰታ በገባ ሰሞን ዋለ። መጋዙን ከክሊኒኩ መሳቢያ አውጥቼ በስልቻ፣ ከገብስ ዱቄት ስር ቀበርሁትና ጎህ ሲቀድ ኬላው ጋ ደረስሁ። ኬላውን የሚጠብቀው ባንዳ ወረቀቴን ሁልጊዜ ዘቅዝቆ የሚያነብ፣ ማለቴ የሚያነብ የሚመስል ሰው ነው፣ ፊደል የሚባል ነገር ቤቱ ደርሶ አያውቅም።

«ደግሞ ምን ረስተህ ተመለስህ?» አለኝ።

«መቼ ወጣሁና?»

«አሁን አይደል እንዴ ያሳለፍሁህ! እንደምን አደርህ ብለኸኝ፣ እኔም ዛሬስ ምን ነካው ብዬ ስገረም።»

ሌሊቱን ሙሉ አረቄ ሲጋት ያደረ ሰው ምን ቢያይ አይገርምም ብዬ ወረቀቴን ነጥቄው አለፍሁ። እንደምን አደርህ ብዬው እንደማላውቅ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከከተማው እንደወጣሁ ጉሙ ዋጠኝ። የነሐሴን ጉም እዚያ አገር ካላየኸው አይገባህም፣ የገዛ እግርህን ይሰውርሃል፣ በጆሮህ ነው የምትሄደው። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝሁ፣ ከፊቴ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሰው ሳለ። ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳሉን አውቀዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣልኝም፤ ሰው የራሱን ሳል ከሩቅ ሰምቶ አያውቅማ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ መቀስና ወረንጦ ሲንቃጨል ሰማሁ። የእኔ ሳጥን ብብቴ ስር ነው፣ መቀሱን እንዳይንቃጨል በጨርቅ የጠቀለልሁት ራሴ ነኝ።

ሰላይ ነው አልሁ። ጣሊያን አስከትሎብኝ ነው፣ ቁስለኞቹ ያሉበትን ቤት ሊያውቅ ነው። ቆምሁ፣ ቆመ። ሄድሁ፣ ሄደ። «ማነህ አንተ!» ብዬ ጮህሁ፣ ጉሙ ድምፄን እንደ ጥጥ ዋጠው። ጎንበስ ብዬ መንገዱን ሳይ ጭቃው ላይ የጫማ ዳና አለ። ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ጫማ የሚያደርግ ማን አለ? የእኔ ጫማ ከሞተ የጣሊያን ሶላቶ እግር የወለቀ ነው፣ የግራው ተረከዝ ብረት ተገንጥሎ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ጭቃው ላይም የግራው ተረከዝ ግማሽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የረገጥሁት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ እንደሰነበተ እያወቅሁ።

አምስት ሰዓት ላይ አያ ውበቱ ቤት ደረስሁ። አያ ውበቱ ትከሻቸውን በጥይት የተመቱ ሽማግሌ አርበኛ ናቸው፣ ቁስላቸው እየጠገገ ነበር። በርጩማውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ስገባ ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ተመለስህ? ደግሞስ እንዲህ እንደ ወታደር ዘው ማለት ምንድን ነው?»

«የት ሄጄ ነው የምመለሰው አያ?»

«አሁን አጥበህኝ አይደል የወጣኸው! ደጅ ላይ ላብህ እስኪደርቅ ቁጭ ብለህ፣ ዛሬስ ሰው ሆነ ብዬ ለባለቤቴ እያወራሁላት፤ ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም?»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገለጥሁት። ፋሻው አዲስ ነው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቋጠሮው በግራ በኩል ታስሯል። እኔ ግራኝ ነኝ። ያን ቋጠሮ በዚያ አገር ከእኔ ሌላ የሚያስረው የለም፣ ያስተማረኝ ሐኪም እንኳ ሞክሮ አልቀናውም። ፈታሁት። ቁስሉ ጥርት ብሎ ታጥቧል፣ እኔ ሁልጊዜ የምተወው ዳር ዳሩ ሳይቀር። እመነኝ፣ ከፍርሃቱ በፊት የመጣብኝ ቅናት ነው።

«ምን አለዎት?» አልኋቸው።

«ምን ትለኛለህ፣ እያጠብህ ‹አሳመምሁዎት ወይ?› እያልህ ስትጠይቀኝ ነበር። ከዚያ ጥሩነህ ይጠብቀኛል፣ ልቀድም ብለህ ወጣህ።»

ማንን ነው የምትቀድመው ብለው አልጠየቁትም። ሽማግሌ አይጠይቅም፣ ይመርቃል እንጂ። እኔም አሳመምሁህ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ቁስለኛ በሕይወቴ የለም፣ ማመሙ የታወቀ ነው፣ ምኑን ልጠይቀው?

ከዚያ ቤት ወጥቼ ሮጥሁ። ልብ በል፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አሁንም ሰው ነው ብዬ ነው የማስበው፤ አንድ መልኬን የሚመስል አጭበርባሪ፣ ጣሊያን አሠልጥኖ የላከው፣ ጥሩነህን አስይዞ ሊያሰቅለው ነው። ቢያዝ ይሰቀላል፣ እግሩ ሳይቆረጥ ቢቀር ይሞታል፣ ስለዚህ ቶሎ መድረስ ነበረብኝ። መንገድ ላይ በረዶ ወረደብኝ፣ ስደርስ ስምንት ሰዓት ግድም ነው፣ የእማማ አንጓች ደጅ ነጭ ሆኖ በሩ ከውስጥ ተሸጉሯል። በቀን ብርሃን በር የሚሸጉር ገበሬ አይቼ አላውቅም።

«ማነው?» አሉ እማማ አንጓች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ አያሌው፣ ቁስል አጣቢው! ክፈቱልኝ!»

በሩን ሳይከፍቱ፣ «አያሌውማ ልጄን እያጠበልኝ ነው» አሉ። «ነግሮናል። በመልኬ የሚመጣ አለ፣ መጋዝ ይዟል፣ እንዳትከፍቱለት ብሎናል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ከደጄ ሂድልኝ!»

«እማማ፣ እሱ አጭበርባሪ ነው! ሰላይ ነው! ልጅዎን ሊያስገድልብዎ ነው!»

«መጋዝ ይዘሃል አልያዝህም?»

ምን ልበል? ይዣለሁ። «ለልጅዎ ነው የያዝሁት፣ ካልተቆረጠ ይሞታል» አልሁ፣ ይህን ስል ለራሴም ጆሮ እንዴት እንደተሰማኝ አትጠይቀኝ።

እማማ አንጓች ወደ በሩ ቀረብ ብለው፣ «እንግዲያስ ሰው ከሆንህ፣ እሱ ያደረገውን አድርግ። በርጩማው ላይ ቁጭ በል፣ ላብህ ይድረቅ፣ ያን ጊዜ እከፍትልሃለሁ» አሉኝ።

ቁጭ ማለት ብቻ ነበር። ቁጭ ብል ይከፍቱልኝ ነበር፣ ገብቼም አየው ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አራት ዓመት ተምሬ፣ በነፍሴ ተወራርጄ ሰባት ስምንት ሰዓት በጭቃ ተጉዤ፣ አንዲት አሮጊት በእንጨት በርጩማ ልትፈትነኝ! «አንቺ አሮጊት፣ ክፈች ብዬሻለሁ! በድንቁርናሽ ልጅሽን ልትገድይው ነው!» ብዬ በሩን በእርግጫ መታሁት። እናቴን የምታህል ሴት አንቺ ብዬ መጥራቴ ነው፣ በዚያ አገር ይህን ያለ ሰው ጥፊ ነው የሚገባው። ከውስጥ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

በርጩማውን አንስቼ ልወረውረው እጄን አሳረፍሁበት። ይሞቃል። ዙሪያውን በረዶ ተከምሯል፣ የቤቱ ክዳን ይንጠባጠባል፣ በርጩማው ግን ደረቅ ነው፣ አሁን ሰው የተነሳበት መቀመጫ እንደሚሞቀው ይሞቃል። እጄን ሳላስበው ልብሴ ላይ ጠረግሁት።

ያን ጊዜ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ሁለት አጠር ያለ፣ አንድ ረዘም ያለ።

በቤቱ ጎን ዞርሁ፣ ምርጊቱ ረግፎ በማገሩ መካከል ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ዓይኔን ለጠፍሁባት። እሳቱ ይነዳል፣ የጥሩነህ እግር በፍየል ቆዳ ላይ ተዘርግቷል፣ ጥሩነህ የነጠላ ጫፍ ነክሷል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኳል። አንደኛው እጁ የጥሩነህ ጉልበት ላይ አርፏል፣ በሌላው በወረንጦ ቁስሉ ውስጥ ይፈልጋል፣ ሳይቸኩል፣ ጭንቅላቱን ወደ ቁስሉ አስጠግቶ፣ አፍንጫውንም ሳይሸፍን። የያዘው በግራ እጁ ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ የመቀስ ጠባሳ አለ። የእኔን አውራ ጣት አየሁ፣ ጠባሳዬ ቦታው ላይ ነው።

ፊቱን ለማየት ጎንበስ አልሁ። እሱም እጁን ገታ አደረገና አንገቱን ወደ ቀዳዳው ማዞር ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ መምጣቱን እንደሚያውቅ ሰው። ጆሮውን አየሁ፣ ጉንጩን አየሁ፣ ከዚያ በላይ አልቆየሁም። ስልቻውን ከነመጋዙ እዚያው ጥዬ ሮጥሁ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አላውቅም፣ ደብረ ማርቆስ ስገባ የቆርቆሮ ሳጥኔም አብሮኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ብነግርህ ትታዘበኛለህ፣ ታዘበኝ። አማቴ ድነዋል አልሁና የይለፍ ወረቀት ማውጣት ተውሁ። ሌሎቹንም ቁስለኞች፣ አያ ውበቱንም፣ ሁሉንም ትቼ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የባንዳ እግር ሳጥብ ከረምሁ። ብርድ መትቶኝ ነው፣ ርሃብ ነው፣ ዓይኔን ጢስ ጋርዶት ነው እያልሁ ለራሴ አስረዳሁት፣ እኔ ደግሞ ማስረዳት አይቸግረኝም። ጥሩነህ ግን ሞቷል ብዬ ነበር። በዚያ ቁስል ሰው አይተርፍም።

ጣሊያን ወጥቶ፣ አገር ተረጋግቶ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቁስል እያጠብሁ ሳለ፣ አንድ የገበያ ቀን አንድ ረጅም ጎልማሳ ማር በገንቦ ተሸክሞ ገባ። በሁለት እግሩ ነው የገባው። ትንሽ ያነክሳል፣ በቃ። ከኋላው እማማ አንጓች ተከትለውታል። ጥሩነህ ገንቦውን አስቀምጦ ግራ እጄን ያዘና ሳመው።

«ይህች እጅ ባትኖር ይኸኔ አፈር ነበርሁ» አለ። ከመቀነቱ የተቋጠረ ጨርቅ ፈትቶ አሳየኝ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል የዛገች ብረት ናት። «አየሃት? ይዣት ነው የምዞረው። አጥንቴ ስር ተሸጉጣ ስታሰቃየኝ የነበረችው እሷ አይደለች! ያን ቀን እስክታገኛት ድረስ ስትፈልግ ዋልህ፣ ስታወጣት ደግሞ እንደ ልጅ አለቀስህ። ‹ይቅር በለኝ፣ ቀድሜ መፈለግ ነበረብኝ› አልኸኝ። እስከ ኅዳር ድረስ አንድ ቅዳሜ እንኳ ቀርተህብኝ አታውቅም።»

እኔ ቅዳሜ ሁሉ የት እንደነበርሁ ነግሬሃለሁ። የብረት ስባሪ ይኖር ይሆን ብዬ ያን ቁስል አንድም ጊዜ ፈልጌበት አላውቅም፣ የሐኪሙ የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሽታውን ፈርቼ። ሥራዬን በደንቆሮ እጅ ሲበላሽ ማየት አልችልም አላልሁህም? እንግዲህ ደንቆሮውን አገኘሁት። ለጥሩነህ ግን እኔ አይደለሁም ማለት አልቻልሁም። ማን ነው ብዬ ልንገረው? መልአክ ነው እንዳልል፣ መልአክ ሊመጣ ቢያስብ የሚመስለው ሰው አጥቶ ነው እኔን የሚመስለው?

ሊሄዱ ሲሉ እማማ አንጓች ልጃቸውን አስቀድመው እኔን ወደ ጥግ ጠሩኝ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ደጄ ላይ ቆሞ ሲሰድበኝ የነበረው፣ በመልክህ የመጣው፣ ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥሎት የሄደውን መጋዝ ገደል ጨምረነዋል። አንተን ዳግመኛ ተተናኩሎህ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እማማ» አልኋቸው።

«ተመስገን» አሉና ግንባሬ ላይ አማትበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቁስል እያጠብሁ ሳለ በር ከተንኳኳ ቀና ብዬ አላይም።